አሥር ደቂቃ ፊልም፣ ከዚያ ወደ ሥዕሉ

በ2001 ሁለት ተመራማሪዎች በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎች በአንድ ሥዕል ፊት ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆሙ ለክተው ውጤቱን አሳተሙ። አማካዩ 27 ሰከንድ ነበር። ጥናቱ የተካሄደው በስመ ጥር ሥራዎች ፊት ነው፤ ማንም አልፏቸው በሚሄድ ሥዕሎች ፊት አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወዶና ፈቅዶ የገባ ሰው የሚሰጠው ትኩረት ይህን ያህል ከሆነ፣ እናቷ እጇን ይዛ ከአዳራሽ አዳራሽ የምታዞራት የአምስት ዓመት ልጅ ስንት ሰከንድ እንደምትቆም መገመት አያስቸግርም።

ያቺው ልጅ ግን ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ከእናቷ ጎን ቁጭ ብላ የስምንት ደቂቃ ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታያለች። ሲያልቅም የምትናገረው አላት። አንዳንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየሞች ለቤተሰብ አጫጭር ፊልሞችን የሚያሳዩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከአራት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆችና ለወላጆቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ያለ ዝግጅት ሲያቀርብ ኖሯል፤ የዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ማዕከልም ለልጆች የተመረጡ ፊልሞችን በራሱ አዳራሽ ያሳያል። አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ጥቂት አጫጭር ፊልሞች ይታያሉ። በመካከሉ መብራት ይበራና ልጆቹ ያዩትን ይጠየቃሉ። ከዚያ ቤተሰቡ ተነሥቶ ካየው ፊልም ጋር የሚዛመዱ ሥዕሎችንና ቅርጻ ቅርጾችን ፍለጋ ወደ ሙዚየሙ ክፍሎች ይሄዳል።

ብዙ ሰው ይህን ልጆችን ወደ ሙዚየም ለመሳብ የሚደረግ ማባበያ አድርጎ ያየዋል። እኔ አልስማማም። ዋናው ጥቅሙ አንድ ወላጅና አንድ ልጅ አንዱ አስተማሪ ሌላው ተማሪ ሳይሆኑ አንድን ነገር አብረው ማየት መቻላቸው ነው። ይህ ደግሞ ለማንም ቤተሰብ መልካም ሆኖ ሳለ፣ በውጭ አገር ልጅ ለሚያሳድጉ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ከመልካምነትም ያለፈ ነገር ነው። ወደዚህ ከመመለሴ በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ላንሣ።

ፊልም የተወለደው አጭር ሆኖ ነው። የሉሚዬር ወንድማማቾች ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ ለከፋይ ተመልካች ያሳዩአቸው አሥር ፊልሞች እያንዳንዳቸው ከአንድ ደቂቃ የማይበልጡ ነበሩ። ፊልም ከሥዕል እኩል በሙዚየም ሊቀመጥ ይገባዋል የሚለው ሐሳብ መሠረት የያዘው ግን ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የፊልም ቤተ መጻሕፍቱን በ1935 ሲያቋቁም ፊልሞቹን የሰበሰበችው አይሪስ ባሪ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች። ያን ጊዜ ስቱዲዮዎች አሮጌ ፊልሞቻቸውን እንደ ቆሻሻ የሚጥሉበት ወቅት ስለነበር፣ የእሷ ጥረት ባይኖር ዛሬ የማናያቸው ብዙ ሥራዎች ይኖሩ ነበር።

በዚያው ሙዚየም ከ1937 እስከ 1969 የትምህርት ክፍሉን የመራው ቪክተር ዳሚኮ ደግሞ ልጆች ራሳቸው የሚሠሩበትንና የሚፈጥሩበትን የልጆች የሥነ ጥበብ ካርኒቫል በ1942 ጀመረ። በሩ በልጅ ቁመና ልክ የተሠራ ነበር። ወላጅ አይገባም፤ ውጭ ሆኖ ይጠብቃል። ዳሚኮ ለዚህ በቂ ምክንያት ነበረው። ወላጅ አጠገቡ ሲቆም ልጅ የሚሥለው የገዛ ራሱን ሐሳብ ሳይሆን ወላጁን ደስ የሚያሰኘውን ነው። ትልቅ ሰው ነበር፤ ለልጆች የነበረው አክብሮትም እውነተኛ ነው። ቢሆንም ዛሬ የቤተሰብ ፊልም ዝግጅቶች ወላጁን መልሰው ወደ ውስጥ ማስገባታቸው ትክክል ይመስለኛል። በእሱ ዘመን የነበረው ችግር በልጅ ሥራ እጁን የሚያስገባ ወላጅ ነበር። የእኛ ዘመን ችግር ሌላ ነው፤ እናት በአንድ ስልክ፣ አባት በሌላ ስልክ፣ ልጅ በታብሌት፣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሦስት የተለያየ ነገር ያያሉ።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንምጣ፤ ምርጫው ሁሉንም ይወስናልና። በስኮትላንድ ተወልዶ ከ1941 ጀምሮ በካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ የሠራው ኖርማን ማክላረን ካሜራ ሳይጠቀም ፊልም ይሠራ ነበር። በ1949 ከኤቭሊን ላምባርት ጋር በመሆን በፊልሙ ጥቅል ላይ በቀጥታ ቀለም እየቀባና እየፋቀ፣ ከኦስካር ፒተርሰን የጃዝ ሙዚቃ ጋር ያዛመደው የስምንት ደቂቃ ያህል ሥራ አለው። ሰው የለበትም፣ ቤት የለበትም፣ ታሪክም የለበትም። ፒያኖው ሲሮጥ ቀለሙ ይሮጣል። በመካከሉ ሙዚቃው ቀስ ሲል ጥቁር ላይ የተፋቁ ጥቂት ነጭ መስመሮች ብቻ ይቀሩና እነሱም ከፒያኖው ጋር ይንቀጠቀጣሉ። ልጅ ይህን ሲያይ “ምንድነው?” ብሎ አይጨነቅም፤ ሙዚቃውን በዓይኑ ያየዋል።

እስቲ ይህ ፊልም በዋሽንግተኑ ብሔራዊ ማዕከል ታየ እንበል። በምሥራቁ ሕንፃ ውስጥ ጃክሰን ፖሎክ በ1950 ቀለም እያንጠባጠበና እየረጨ የሠራው ሦስት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሸራ አለ። ብዙ አዋቂ በዚህ ሥዕል ፊት ቆሞ “ይህማ ልጄም ትሠራዋለች” ብሎ ያልፋል። ከማክላረን ፊልም የመጣች ልጅ ግን የረጋውን ቀለም እየተከተለች ሠዓሊው ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሄደ ትፈልጋለች፤ ቀለም መንገድ እንዳለው ገና አሁን አይታለችና። ረቂቅ ሥዕልን ለማስረዳት ከሚጻፈው የግድግዳ ማብራሪያ ሁሉ ይህ ስምንት ደቂቃ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሌላም ጥምረት ይታየኛል። በርሊን የተወለደችው ሎተ ራይኒገር ጥቁር ካርቶን በመቀስ እየቆረጠች፣ መገጣጠሚያቸው የሚንቀሳቀስ የጥላ ምስሎችን ሠርታ ተረቶችን በፊልም አሳይታለች፤ በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር ሆና የሠራቻቸው ብዙዎቹ የአሥር ደቂቃ ያህል ናቸው። ሠዓሊው ማቲስ በስተርጅናው ብሩሹን ትቶ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ የሠራቸው ትልልቅ ሥራዎች ደግሞ በዚያው ሕንፃ ይገኛሉ። ወረቀትና መቀስ በእጇ የገባላት ልጅ ሁለቱንም ሰዎች ወዲያው ትረዳቸዋለች።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን የአሌክሳንደር ካልደርን ነው። ካልደር በ1920ዎቹ መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ከሽቦ፣ ከቡሽና ከጨርቅ ቁራጭ አንድ ሙሉ ሰርከስ ሠርቶ፣ በሻንጣ ይዞት እየዞረ ለወዳጆቹ ያጫውተው ነበር። በ1961 ካርሎስ ቪላርዴቦ በሠራው አጭር ፊልም ውስጥ ጸጉሩ የሸበተው ካልደር ተንበርክኮ አንበሳውን ያስጮኻል፣ የሽቦ ሰዎቹን በገመድ ላይ ያስኬዳል፤ ባለቤቱ ሉዊዛ ሸክላ ታጫውትለታለች። ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ቁም ነገር ይዞ ሲጫወት ማየት ለልጅም ለወላጅም ብርቅ ነው። ከዚያ ወጥቶ በምሥራቁ ሕንፃ አዳራሽ ቀና ማለት ነው። በ1977፣ ሠሪው ከሞተ በኋላ የተሰቀለው 23 ሜትር ያህል የሚሰፋው የካልደር ሥራ በአየር እንቅስቃሴ ብቻ ቀስ እያለ ይዞራል። ክብደቱ ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ነው። በሽቦ አንበሳ የሚጫወተውን ሰው ያየ ልጅ ይህን ግዙፍ ነገር ያሰበው ያው ሰው መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

የፊልሞቹ አጭርነት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። የልጅ ትዕግሥት ስላጠረ ብቻ አይደለም፤ ፊልሙ ሲያልቅ ለሥዕሉ የሚሆን ጉልበት ስለሚተርፍ ነው። ሙዚየም አዳራሹን ለመሙላት ብሎ የታወቀ የአኒሜሽን ስቱዲዮ የሠራውን የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ሲያሳይ ባየሁ ቁጥር አዝኛለሁ። ሕዝቡ ይመጣል፣ ፊልሙን ያያል፣ ልጆቹ ይደክማሉ፣ ቤተሰቡ በመጣበት በር ይወጣል። ያን ፊልም የትኛውም ሲኒማ ቤት ያሳየዋል፤ በስምንት ደቂቃ ፊልምና በአንድ ሥዕል መካከል ድልድይ መሥራት የሚችለው ሙዚየም ብቻ ነው።

አሁን ቀደም ብዬ ወደተውኩት ነገር ልመለስ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች ትልልቆቹ ይገኛሉ። እዚያ ልጅ ትምህርት ቤት በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛው ከወላጁ ያይላል። ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ የሚያነበው፣ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉመው፣ ስልክ ላይ “እናቴ ናት፣ እኔ ልንገርላት” የሚለው እሱ ነው። ቴሌቪዥን ሲከፈትም ቀልዱ ቀድሞ የሚገባው ለልጁ ነው። እናት “ምን አለ?” ትላለች። ልጁ ግማሹን ይነግራታል፤ ሁለተኛ ስትጠይቀው “ምንም አይደለም እማዬ” ይላታል። ከዚያ በኋላ እናት መጠየቋን ትተዋለች። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። አስተርጓሚነት ለስምንት ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው፤ በዚያ ላይ ወላጁን ዝቅ አድርጎ የማየት ልማድ ሳያውቀው ያስለምደዋል።

ንግግር የሌለው አጭር ፊልም ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያነሣል። የሚተረጎም ነገር የለም። እናትም ልጅም የሚያዩት አንድ ነው፤ ከልጁ ቀድማ የምትስቅበት ጊዜም ይመጣል። የአልበርት ላሞሪስን “ቀዩ ፊኛ” እንውሰድ። በ1956 የተሠራ፣ 34 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ንግግሩ እጅግ ጥቂት የሆነ ፊልም ነው፤ ያም ሆኖ ለምርጥ ድርሰት የሚሰጠውን የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በፓሪስ ዳገታማ ሰፈር አንድ ልጅ ፊኛ ያገኛል፣ ፊኛውም እንደ ጓደኛ ይከተለዋል። የሰፈር ልጆች ይቀኑና በወንጭፍና በድንጋይ ያሳድዱታል። ሜሪላንድ የተወለደ ልጅ ወንጭፍ ምን እንደሆነ አያውቅም። ደሴ ወይም ጎንደር ያደገ አባት ግን እንዴት እንደሚሠራ፣ ላስቲኩ ከየት እንደሚገኝ፣ በእሱ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተገረፈ ያውቃል። በዚያች ቅጽበት የሚያውቀው አባት ነው፤ የሚጠይቀው ልጅ ነው። የሚጠይቀውም አባቱ በሚያውቀው ቋንቋ ነው።

አማርኛን ለልጆች ለማቆየት በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ የሚሰጠውን የፊደል ትምህርት ከልቤ አከብራለሁ፤ የሚያስተምሩትም በነጻ፣ ከዕረፍታቸው ቀንሰው ነው። ነገር ግን ፊደል የቆጠረ ልጅ የሚያወራው ነገር ከሌለው ፊደሉ ብቻውን አያናግረውም። አብሮ የታየ ነገር የወሬ ርዕስ ይሰጣል። በመኪና ወደ ቤት ሲመለሱ “ፊኛው ለምን ተከተለው?” ብሎ የጠየቀ ልጅ በአማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር ለመስማት፣ ቀስ በቀስም ለመመለስ ምክንያት አግኝቷል።

አንድ እንቅፋት አለ። ከፊልሙ በኋላ ያለው ውይይት የሚካሄደው በእንግሊዝኛ ነው፤ አስጎብኚዋ ስትጠይቅ ያው ልጁ ይመልሳል፣ ወላጁ እንደገና ዝም ይላል። ለዚህ ሁለት መድኃኒት ይታየኛል። አንደኛው በወላጁ እጅ ነው። የኒው ዮርኩን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የትምህርት ክፍል ይመራ የነበረው ፊሊፕ የናዋይንና የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አቢጌይል ሃውሰን ያስፋፉት የማየት ዘዴ በሦስት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው፤ በአማርኛ ቢባሉ፦ እዚህ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ይህን ያልከው ምን አይተህ ነው? ሌላስ ምን ይታየናል? ለመጠየቅ የሥነ ጥበብ ታሪክ ማወቅ አያስፈልግም። “ልክ ነህ፣ ተሳስተሃል” የሚል መልስም የለውም። በልጅ ጆሮ በለሆሳስ በአማርኛ መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛው በሙዚየሙ እጅ ነው። የዋሽንግተን ከተማ መሥሪያ ቤቶች በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት ወረቀቶቻቸውን በአማርኛም ያወጣሉ። ብሔራዊ ማዕከሉ በዓመት ጥቂት ቅዳሜዎች ከፊልሙ በኋላ ያለውን ውይይት በአማርኛ ቢያደርገው አወያይም ተመልካችም አያጣም። የማኅበረሰብ ማኅበራት ይህን በጽሑፍ ሊጠይቁ ይገባል፤ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ነገር የለም።

“ልጆቻችን ከስክሪን ሳይላቀቁ ሙዚየም ደግሞ ስክሪን ይጨምርባቸው?” የሚል ወላጅ አለ። ሥጋቱ ተገቢ ነው። የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች የስክሪን ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ተመሳሳይ ወሰን አስቀምጧል። ነገር ግን የሐኪሞቹ መመሪያ ሌላም ነገር ይላል፦ የሚታየው ጥሩ ነገር ይሁን፣ ወላጅም አብሮ ይይ። ብቻውን አልጋ ላይ ተኝቶ አንዱ ሳያልቅ ሌላው የሚመጣለትን ቪዲዮ የሚያይ ልጅና፣ ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ የሰው ፊት የሚያይ ልጅ አንድ አይደሉም። አጭር ፊልም ማለቂያ አለው፤ ስልኩ ግን የለውም።

አዲስ አበባስ? ሲኒማ ወደ ከተማዋ ሲገባ አዳራሹ ሰይጣን ቤት ተብሎ እንደነበር የሚታወቅ ነው። ያ ጥርጣሬ ከጠፋ ቆይቷል። አብሮ ማየት ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሥራ ከጀመረ በኋላ አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ቴሌቪዥን ባለው ቤት ተሰብስቦ ያያቸው ነበር፤ ትልቁም ከልጁ ጋር ይሰማ ነበር። በኋላ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የፈጠሯት አሻንጉሊቷ ቀጭኔ ፀሐይ በ2000ዎቹ አጋማሽ መጥታ፣ በአማርኛ ለሕጻናት የታሰበ አጭር ሥራ በጥቂት ሰው እጅ ሊሠራ እንደሚችል አሳይታለች።

ቦታም አለን። በ2019 መካኒሳ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም፣ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ከጭቃና ከጭድ ያቆሙት፣ ግቢው ራሱ ለልጅ የተሠራ የሚመስል ቦታ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ደግሞ ረቂቅ ሥዕልን ለኢትዮጵያ ካስተዋወቁት ዋነኛው የሆነውን ሰው ሥራዎች ይዟል። ገብረ ክርስቶስ ከጀርመን ተምሮ ሲመለስ ሥዕሎቹን ለመቀበል የተቸገረ ተመልካች ብዙ ነበር። ዛሬም አንድ የሰባት ዓመት ልጅ የማክላረንን ስምንት ደቂቃ አይቶ በገብረ ክርስቶስ ቀለሞች ፊት ቢቆም፣ ከብዙዎቻችን ቀድሞ የሚረዳው ይመስለኛል።

የሚያስፈልገው ዕቃም ጥቂት ነው፤ ፕሮጀክተር፣ ነጭ ግድግዳ፣ ድምጽ ማጉያ፣ መብራት ሲሄድ የሚሆን ጄኔሬተር፣ ወረቀትና ከለር። የካናዳው የፊልም ቦርድ ብዙ ሥራዎቹን በድረ ገጹ በነጻ ያሳያል፤ ለሕዝብ ለማሳየት ፈቃድ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል። ከዕቃው ይልቅ የሚከብደው ፊልሙን ከሥዕሉ ጋር የሚያዛምድ፣ ልጅን ሳይቆጣ የሚጠይቅ፣ መልሱንም ታግሦ የሚሰማ ሰው ማግኘት ነው። ለዚህ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አሉ። ትምህርት ቤቱ ይህን እንደ ልምምድ አድርጎ ቢሰጣቸው እነሱም ይጠቀማሉ።

የአዲስ አበባ ሙዚየሞች ኃላፊዎች በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይህን እንዲሞክሩ እጠይቃለሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ ያላችሁ ወላጆች ግን መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። የሚቀጥለውን የቤተሰብ ፊልም ቀን አጣሩና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የብሔራዊ ማዕከሉ በር ከዲሴምበር 25 እና ከጃንዋሪ 1 በቀር በየቀኑ ክፍት ነው፣ መግቢያውም ነጻ ነው።